የዘር ጊዜ፤ ስለ ጣና ነጭ ዓሣ ጕዞና ስለ ሰው እጅ

በጎጃም ደጋ የሚኖር ገበሬ እህሉን ከዐውድማ ባስገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚለየው ለዘር የሚሆነውን ነው። የሚበላውንና የሚሸጠውን የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው። ሐምሌ ገብቶ ጎተራው በጎደለ ጊዜ፥ ልጆቹም በራባቸው ጊዜ እንኳ፥ ዐቅም እስካለው ድረስ ያን ዘር አይነካም። ከጎረቤት ይበደራል፤ በግ ይሸጣል፤ ከዘመድ ይለምናል። ስለ ምን ቢሉ፥ አንድ ቁና ዘር የበላ ሰው አንድ ቁና እህል ብቻ የበላ አይደለም፤ የሚመጣውን ዓመት መከር በሙሉ የበላ ነው። ይህን ለማወቅ ፊደል መቍጠር አያስፈልግም፤ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን ያው ሰው በእርሻው ላይ አጥብቆ የሚጠብቀውን ሕግ በወንዝና በሐይቅ ላይ ሲረሳው ይታያል። የዱር አራዊትም፥ የሰማይ ወፎችም፥ በውኃ ውስጥ ያሉ ፍጥረቶችም የዘር ጊዜ አላቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዘራቸውን የሚጥሉት በየትም ስፍራ አይደለም፤ በታወቀ ወራት ወደ ታወቀ ቦታ ይሄዳሉ። ሰው ያን ወራትና ያን ቦታ ባወቀ ጊዜ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል፤ አንዱ መጠበቅ ነው፥ አንዱም መፍጀት ነው። የጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ ነገር ሰው ሁለተኛውን መንገድ በመረጠ ጊዜ የሚሆነውን ያሳያል።

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ትልልቅና ትንንሽ ወንዞች ከየአቅጣጫው ይገቡበታል፤ ከሁሉ የሚበልጡት ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ናቸው። ግልገል ዓባይ የሚነሣው ከጎጃም ደጋ፥ በሰከላ ከግሽ ዓባይ ነው። ስለዚህ በሰከላ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናም፥ ከዚያም የታጠበ ዐፈር፥ ወርዶ ጣና ይገባል። ከጣና የሚወጣው ወንዝ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ታላቁ ዓባይ ነው።

ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጢስ ዓባይ በሚባለው ስፍራ ከ40 ሜትር በሚያህል ገደል ላይ ይወድቃል። ይህን ገደል ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ዓሣ የለም። ከዚህም የተነሣ በሱዳንና በግብፅ በኩል ያሉት የዓባይ ዓሦች ወደ ጣና ሊደርሱ አልቻሉም፤ በጣና ያሉትም ለብቻቸው ተከልለው እጅግ ረጅም ዘመን ኖሩ። ከነዚህም መካከል የባሕር ዳር ሰዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን ከአንድ ዘር ተነሥቶ በልዩ ልዩ መልክ ተከፋፈለ።

ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እነዚህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ከእነዚህ ዓሦች አንዳንዶቹን ለሊቃውንት አስታወቀ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ሁሉም የአንድ ዓሣ ልዩ ልዩ መልክ እንደ ሆኑ ይታሰብ ነበር። በ1990ዎቹ ግን ከሆላንድ የመጡ የዓሣ ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው መርምረው፥ ከ15 የማያንሱ የተለያዩ ዐይነቶች እንደ ሆኑ አስረዱ። ከነዚህም የሚበልጡት በዓለም ላይ ከጣናና ከወንዞቹ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም።

መልካቸውና ኑሯቸው ይለያያል። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ አንዱ አፉ ወደ ታች የዞረ ነው፤ አንዱ ቀንድ አውጣ ይለቅማል። ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ ይበላሉ። ይህም የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ የዚህ ወገን ዓሦች በአፋቸው ጥርስ የላቸውምና። ጥርሳቸው ያለው በጕሮሯቸው ውስጥ ነው፤ ያደኑትን በከንፈራቸው ይይዙታል፥ በጕሮሯቸው ያደቅቁታል።

አሁን የጕዟቸውን ነገር መናገር ይገባል። ከነዚህ ዐይነቶች ቢያንስ ሰባቱ ዕንቍላላቸውን በሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ክረምት በገባ ጊዜ፥ ወንዞችም በሞሉ ጊዜ፥ ከሐይቁ ከየስፍራው ተነሥተው ወንዝ ወደሚገባበት አፍ ይሰበሰባሉ። በዚያም ጥቂት ከቈዩ በኋላ ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ የደፈረሰውን ጎርፍ እየተቃወሙ ወደ ላይ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ትልቁን ወንዝ አይደለም፤ ከጎኑ የሚገቡትን ትንንሽ ጅረቶች ነው። ውኃው የጠራ፥ ፈጥኖ የሚወርድ፥ ከሥሩም ጭቃ የሌለበት ጠጠር ያለው ሊሆን ይገባል። እንስቲቱ ዕንቍላሏን በጠጠሩ መካከል ትጥላለች፤ ወንዱም ያዳብረዋል። ከዚያ በኋላ ወላጆቹ ወደ ሐይቅ ይመለሳሉ።

ዕንቍላሉ የሚጠብቀው እናት የለውም። የሚያኖረው በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ንጹሕ ውኃ ነው፤ ውኃው አየር ያመጣለታልና። የተፈለፈሉት ሕፃናት በጅረቱ ጥግ ትንሽ ጊዜ ካደጉ በኋላ፥ ወንዙ ከመጕደሉ በፊት ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በዳርቻው ባለ ሣርና ደንገል ውስጥ ተሸሽገው ያድጋሉ። ራሳቸው ለመውለድ የሚደርሱት ግን ብዙ ዓመት ከቈዩ በኋላ ነው። ዛሬ የጠፋ አንድ ትውልድ በሚመጣው ዓመት አይተካም።

በጣና ውስጥ ቀረሶ የሚባል ሌላ ዓሣ አለ፤ ባሕርዩ ከዚህ ይለያል። የቀረሶ እናት የዳበረውን ዕንቍላል በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍለዋለች፤ ሕፃናቱም አደጋ በመጣባቸው ጊዜ ወደ አፏ ይገባሉ። ደግሞም ከሐይቁ ሳትወጣ በልዩ ልዩ ወራት ትወልዳለች። ስለዚህ ቀረሶ ምንም እንኳ ብዙ ቢጠመድ ፈጥኖ ይተካል። ነጭ ዓሣ ግን ቤተ ሰቡን ሁሉ በአንድ መንገድ፥ በአንድ ወራት፥ በጠባብ በር ያሳልፋል። በሩን የያዘ ሰው ዘሩን ሁሉ ይዟል።

በቀድሞ ዘመን ይህ በር አልተያዘም ነበር። በሐይቁ ዳር የሚኖሩ ሰዎች፥ ይልቁንም የነገደ ወይጦ ሰዎች፥ ከደንገል በተሠራ ታንኳ እየሄዱ በዳርቻው ያጠምዱ ነበር። ታንኳው ሩቅ አይሄድም፤ መረቡም ትንሽ ነበር። የሚይዙት ዓሣ ለቤታቸውና ለአቅራቢያው ገበያ የሚበቃ ነበር። በ1986 ግን የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ይህን ያመጡት ሰዎች ዐሳባቸው ክፉ አልነበረም፤ የሐይቁ ዳር ድኻ እንዲጠቀም፥ ሕዝቡም ምግብ እንዲያገኝ ነው። ዓሣውም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሄድ ጀመር፤ በጾም ወራትም ፈላጊው በዛ።

ጀልባ ያለው ሰው ዓሣ ወዳለበት ይሄዳል። ዓሣም በአንድ ስፍራ ተከማችቶ የሚገኘው በክረምት በወንዞች አፍ ነው። በሰፊው ሐይቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ተደክሞ የሚገኘው፥ በወንዙ አፍ በአንድ ሌሊት ይገኛል። ስለዚህ መረቡ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። የሚያዙትም ዕንቍላል የተሸከሙ እንስቶችና ሊያዳብሩ የተነሡ ወንዶች ነበሩ። ነጋዴው የገዛው አንድ ዓሣ ነው፤ ወንዙ ያጣው ግን በሆዷ የነበረውን ብዙ ሺህ ዕንቍላል ጭምር ነው። ከዚያም በኋላ ከአንድ ወጥ ክር የተሠራ ስስ መረብ ከውጭ አገር መጣ። በውኃ ውስጥ ለዓሣ ዐይን አይታይም፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ በተቀደደም ጊዜ ስለማይጠገን በሐይቁ ውስጥ ይጣላል፤ የተጣለውም መረብ ጌታ ሳይኖረው መግደሉን አይተውም።

ከመረቡ ያመለጡት ወደ ላይ በወጡ ጊዜ ሌላ ነገር ይጠብቃቸዋል። ብርብራ የኢትዮጵያ ዛፍ ነው፤ ለጥላ ይሆናል፥ ለቡናም መልካም ጎረቤት ነው። ፍሬው ግን ዓሣን የሚያሰክርና የሚገድል መርዝ አለው። ሰዎች ፍሬውን ወቅጠው ዱቄቱን በጅረት ላይ ይበትኑታል። መርዙ የዓሣውን እስትንፋስ ይከለክለዋል፤ ዓሣውም እየተንገላታ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ እነርሱም በእጃቸው ይለቅሙታል። ይህ ልማድ ከጥንት የቈየ ነው። ወንዙ በዓሣ በተሞላበት ዘመን ጕዳቱ አልታወቀም ይሆናል። መርዙ ግን የሚበላውን ከማይበላው አይለይም፤ ትልቁን ከሕፃኑ፥ ዓሣውን ከትንንሹ የውኃ ነፍሳት ጋር ባንድነት ይፈጃል። አንድ ሰው አንድ ቅርጫት ዓሣ ለማግኘት የአንድ ጅረት ትውልድ ያጠፋል።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ምን እንደ ሆነ በቍጥር ታየ። ሊቃውንት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሐይቁ የሚገኘውን ዓሣ በመረብ እየሞከሩ ቈጠሩ፤ ዐሥር ዓመት ያህል ቈይተውም በዚያው መንገድ ደግመው ቈጠሩ። ወደ ወንዝ እየወጡ የሚወልዱት ነጭ ዓሦች ከአራቱ እጅ ሦስቱ ያህል ጐድለው ተገኙ። ገና ያልደረሱት ሕፃናት ደግሞ ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል ጠፍተው ነበር። አንባቢ ይህን ሁለተኛውን ቍጥር ልብ ይበል። የሸመገሉት ቢያልቁ ኀዘን ነው፤ ሕፃናት ካልተገኙ ግን ቤቱ ወራሽ አጥቷል ማለት ነው። መርማሪዎቹም ምክንያቱን በሁለት ነገር አስረዱ፤ አንደኛው በመውለጃ ጊዜ በወንዞች አፍ የሚዘረጋው መረብ ነው፤ ሁለተኛውም የብርብራ መርዝ ነው።

መረብ ያልያዘ ሰው ግን ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በደጋው ላይ ያለ ተራራ ከጫፍ እስከ ጫፍ በታረሰ ጊዜ፥ ዛፉም በተቈረጠ ጊዜ፥ የክረምት ዝናም ዐፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ያ ጭቃ በጠጠሩ መካከል ይገባና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ዕንቍላሉም አየር አጥቶ ይታፈናል። በሰከላ የሚያርስ ሰው ዓሣ በልቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እርከን ያልሠራበት ማሳው ሳያውቀው ብዙ ዓሣ ይገድላል። ቤት ለመሥራት አሸዋና ጠጠር ከወንዝ የሚዝቅ ሰውም የዓሣውን ዐራስ ቤት ያፈርሳል። በበጋ ወራት ጅረቱን በሞተር ስቦ ለመስኖ የሚያደርቅ ሰው ወደ ሐይቅ ያልወረዱትን ሕፃናት በደረቅ መሬት ላይ ያስቀራቸዋል።

ግድብም እንዲሁ ነው። በመራዊ አጠገብ ወደ ግልገል ዓባይ በሚገባው በቆጋ ወንዝ ላይ 7,000 ሄክታር ያህል የሚያጠጣ ግድብ ተሠርቷል። ለገበሬው ታላቅ በረከት ነው፤ በበጋም እህል አብቅሏል። ነገር ግን ዓሣ ግድብን መዝለል አይችልም፤ የሚያልፍበት መንገድ አስቀድሞ ካልታሰበለት ከግድቡ በላይ ያለው ጠጠር ለዓሣ እንደ ሌለ ይቈጠራል። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በጣና ላይ ታወቀ። ይህ አረም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘረጋ። ሕፃናቱ ዓሦች የሚያድጉበትም ስፍራ ያው ዳርቻ ነው።

ይህ ዐይነት ጥፋት በጣና ብቻ የደረሰ አይደለም። በሰፊው ባሕር የሚኖር የባሕር ኤሊ የሚባል ፍጥረት አለ። የሚኖረው በውኃ ውስጥ ነው፤ ዕንቍላሉን ግን በውኃ ውስጥ ሊጥል አይችልም። እንስቲቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ ወደ ተፈለፈለችበት ዳርቻ ትመለሳለች፤ በሌሊት ወደ አሸዋው ወጥታ ጕድጓድ ትቈፍራለች፤ አንድ መቶ የሚያህል ዕንቍላል ጥላ አሸዋ ታለብሰዋለች። በምድር ላይ እግሯ ከባድ ነው፤ መሸሽም መዋጋትም አትችልም። በቀይ ባሕር ላይ በዳሕላክ ደሴቶችም ይህ ይሆናል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈ የግሪኮች የባሕር ንግድ መጽሐፍ፥ የአክሱም ወደብ ከነበረችው ከአዱሊስ ከዝሆን ጥርስ ጋር የኤሊ ድንጋይ ይሸጥ እንደ ነበር ይናገራል። እንግዲህ የኤሊ ንግድ ለዚህ አገር ባዕድ አልነበረም።

ሰው በኤሊ ላይ ያደረገውም በነጭ ዓሣ ላይ ያደረገውን ይመስላል። ዕንቍላሉን ከአሸዋ ቈፍሮ ሸጠ፤ እናቲቱን ለሥጋዋና ለድንጋይዋ ገደለ፤ በባሕርም ለሌላ ዓሣ የዘረጋው መረብ ኤሊዎችን ያዘ፤ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት አቅቷቸውም ታፍነው ሞቱ። በዘመናችን ደግሞ ወደ ባሕር የተጣለ የፕላስቲክ ከረጢት ምግብ መስሎአቸው ይውጡታል።

ከኤሊዎችም አንዱ ዐይነት፥ ኬምፕ ሪድሊ የሚባለው፥ በተለይ የሚወልደው በሜክሲኮ አገር ራንቾ ኑዌቮ በሚባል ዳርቻ ነው። በ1947 በዚያ ስፍራ በተነሣ ፊልም ላይ በአንድ ቀን 40,000 የሚያህሉ እናቶች እንደ ወጡ ተገምቷል። የአገሩ ሰዎች ግን ዕንቍላሉን በጭነት ያጓጕዙት ነበር፤ የሽሪምፕ አጥማጆች መረብም ትልልቆቹን ያሰጥም ነበር። በ1985 በዓመቱ በሙሉ የተገኘው ጐጆ 702 ብቻ ሆነ። የዚያ ዘር መጨረሻ የደረሰ መሰለ።

ነገር ግን አላለቀም። የሜክሲኮ መንግሥት ከ1966 ጀምሮ በዳርቻው ላይ ጠባቂዎች አቁሞ ነበር፤ ከ1978 ጀምሮም ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በኅብረት ጥበቃው ጸና። በመረቦችም ላይ ኤሊ የሚያመልጥበት በር እንዲደረግ ታዘዘ። ጠባቂዎቹ ለብዙ ዓመት የድካማቸውን ፍሬ አላዩም፤ ኤሊ ለመውለድ እስኪደርስ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃልና። በኋላ ግን ፍሬው ታየ፤ ከ2009 በኋላ በአንዳንድ ዓመታት የጐጆው ቍጥር ከ20,000 በላይ ሆነ። ዛሬም ቢሆን ከአደጋ አልወጣም፤ ቢሆንም የመውለጃ ስፍራውና የመውለጃ ጊዜው በተጠበቀለት ጊዜ፥ ሊጠፋ የደረሰ ዘር ሊመለስ እንደሚችል ምስክር ሆነ።

ያልተጠበቀም ዘር ምን እንደሚደርስበት የሚያሳይ ሌላ ምስክር አለ። በፊሊፒን ደሴቶች ላናዎ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና በውስጡ ከአንድ ወገን የተከፋፈሉ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓሦች ነበሩት። ሰዎች ከመጠን በላይ አጠመዷቸው፤ ከውጭ የመጣ በላተኛ ዓሣም በሐይቁ ገባባቸው። የፍጥረትን መጥፋት የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2020 ከእነዚህ ዓሦች 15ቱ ፈጽመው እንደ ጠፉ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ለላናዎ ጠባቂ ቢቆምለት፥ ሕግም ቢወጣለት፥ የጠፉትን የሚመልስ የለም። ጣና በዚህ ወገን ዓሣ የበለጸገ፥ ገና በሕይወት ያለ ሐይቅ ሆኖ ቀርቷል። በሁለቱ ምስክሮች መካከል ቆሞ መምረጥ የሚችለው ገና ያልጠፋ ብቻ ነው።

አጥማጁን ብቻ መውቀስ ግን ቅን ፍርድ አይደለም። በነሐሴ ወር የአጥማጁ ልጅ እንደ ገበሬው ልጅ ይራባል። ገበሬው የሚጠብቀው ዘር በገዛ ጎተራው ያለ ነው፤ ሌላ ሰው አይወስድበትም። አጥማጁ ግን «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይይዘዋል» ይላል፤ ይህም ውሸት አይደለም። የጋራ የሆነ ነገር የሚጠፋው በአንድ ሰው ክፋት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ባለማመኑ ጭምር ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ትዕግሥት ብቻውን ዓሣውን አያድነውም፤ የሚያድነው የብዙዎች ስምምነት ነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ2003 የኢትዮጵያ መንግሥት ዓሣ በሥርዐት እንዲለማና እንዲጠመድ ዐዋጅ አውጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ ደንግጓል። በ2015 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጣናን ዙሪያ ከዓለም የታወቁ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራዎች ጋር መዘገበው። ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለ ሕግ በሌሊት በወንዝ አፍ የሚዘረጋውን መረብ አያነሣም። መረቡን የሚያነሣው በዚያ ያሉ ሰዎች ሕጉን የራሳቸው ያደረጉት እንደ ሆነ ነው።

እንዲህ ያለ ስምምነት ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በመንዝ ጓሳ የሚባል ሰፊ የጋራ ምድር አለ። ሰዎቹ ከጥንት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዐት እየተዳኙ ሣሩን ለዓመታት በአንድነት ይዘጉት ነበር፤ በቂ ሆኖ ባደገ ጊዜም በአንድነት ከፍተው ለቤት ክዳንና ለከብት ያጭዱት ነበር። ሥርዐቱን የጣሰ ሰው ይቀጣ ነበር። በ1975 የመሬት ዐዋጅ በመጣ ጊዜ ሥርዐቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጐዳ፤ በኋላ ግን የአገሩ ሰዎች ጥበቃውን በአዲስ ማኅበር አደሱት። በጎጃምም ለሣር የሚከለል መስክ በየመንደሩ ይታወቃል። ሣር ለማብቀል ከብትን መከልከል የሚያውቅ ሕዝብ ዓሣ ለማፍራት መረብን መከልከል አያቅተውም።

የሚያስፈልገውም ነገር ሐይቁን ለዘለዓለም መዝጋት አይደለም። በዓመት ውስጥ ዓሦቹ በሚወጡባቸው ጥቂት ወራት የወንዞቹን አፍና የመውለጃ ጅረቶቹን መተው ነው፤ አጥማጁም በዚያ ጊዜ ቀረሶን በሐይቁ ሊያጠምድ ይችላል። የመረቡ ዐይን ሕፃኑን የሚያሳልፍ ሰፊ እንዲሆን ማድረግ ነው። ብርብራን ለጥላና ለማገዶ ትቶ ከወንዝ ማራቅ ነው። በተዳፋት ላይ እርከን መሥራት፥ የወንዝ ዳር ዛፍን አለመቍረጥ፥ አሸዋ የሚዛቅበትን ስፍራ መለየት፥ ግድብ በተሠራ ጊዜም ለዓሣ መንገድ ማሰብ ነው። ከነዚህ አንዱ እንኳ ከሰው ዐቅም በላይ አይደለም።

በደብረ ማርቆስ የሚማር ልጅ ይህ የጣና ሰዎች ጕዳይ ነው ይል ይሆናል። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጨሞጋ ወደ ጣና አይገባም፤ ወደ ዓባይ ነው የሚወርደው። ነገር ግን ጨሞጋም ጠጠር አለው፤ የጮቄ ዐፈርም በየክረምቱ ይታጠባል፤ ጎርፍ ሲመጣ የወንዙ መልክ ቡና የሚመስለው የማን ማሳ ታጥቦ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ከላይ ያለ ሰው ሁሉ ለታች ሰው ዕዳ አለበት። ዕዳውንም የሚከፍለው በቃል አይደለም፤ በማሳው ዳር በሚደረድረው ድንጋይና በወንዙ ዳር በሚተወው ዛፍ ነው።

በነሐሴ ሌሊት፥ ዝናም ካባራ በኋላ፥ ዕንቍላል የተሸከመች ነጭ ዓሣ ከጣና ወጥታ ጎርፉን እየገፋች ወደ ላይ ትሄዳለች። ሰው ያለባት ግዴታ አይደለችም ብሎ የሚያስብ ቢኖር፥ የምትሄደው ለሰውም እንደ ሆነ ይወቅ፤ ከዓመታት በኋላ የሚጠመደው ዓሣ ሁሉ ያን ሌሊት ከእርሷ ጋር ነውና። ያለ መረብ፥ ያለ መርዝ፥ ያለ ጭቃ ታልፍ ዘንድ በሩን መተው የሚፈልገው ትዕግሥት ጥቂት ነው። በሩን የሚዘጋ ሰው ግን ለልጁ ባዶ ውኃ ያወርሰዋል።